ያልተወረሰችው መበለት፤ ባቲ ድል ወንበራ

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ መርካቶ ወርደን ሳለ፣ በአንድ ጨርቅ ሻጭ ሱቅ ደጃፍ ሰዎች ሲከራከሩ ደረስን። ነገሩ ባሏ ስለ ሞተባት ሴት ነበር። ከፊሎቹ ልጆቹና ሀብቱ እንዳይበተኑ የሟቹ ወንድም ያግባት ሲሉ፣ ሌሎቹ ወደ ወላጆቿ ትመለስ ይሉ ነበር። ክርክሩን እስከ መጨረሻው ቆመን ሰማን፤ ሴትዮዋ ራሷ ምን እንደምትሻ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ይህ ልማድ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን የዋርሳ ጋብቻ ይባላል። በዓረቦችም ዘንድ ከእስልምና በፊት መበለቲቱ እንደ ንብረት ለሟቹ ወራሾች ትተላለፍ ነበር፤ ቁርዓን ግን ሴትን ያለ ፈቃዷ መውረስን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሕግና ልማድ በየቤቱ ሁልጊዜ አብረው አልሄዱም። እኛም ወደ ቤታችን ስንመለስ በሐሳባችን የመጣችው፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ በዚሁ ጥያቄ ፊት የቆመች አንዲት እመቤት ናት።

ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የማሕፉዝ ልጅ ነበረች። አባቷ በ1509 ዓ.ም. ከዓፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ ሞተ። እሷም ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን አገባች። ኢማሙ ወደ ደጋው ሲዘምት ወታደሮቹ ሚስቱን ይዞ መሄዱን ቢቃወሙም አብራው ወጣች፤ ገደሉንና ተራራውን በሰው ሸክም ተሻገረች። ልጆቿን መሐመድንና አሕመድን የወለደችው በዘመቻ ላይ ሳለች ነው።

በየካቲት 1535 ዓ.ም. ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ወደቀ። ልጇ መሐመድ ተማረከ፤ እሷ ግን ሸሽታ ሐረር ገባች። በወዲያኛውም ወገን የምታለቅስ እናት ነበረች። የልብነ ድንግል ሚስት የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ቀደም ሲል ተማርኮ፣ የመን ወደሚገኘው ወደ ዘቢዱ የቱርክ ፓሻ ተልኮ ነበር። ሁለቱ መበለቶች በመልእክተኛ ተስማምተው ልጅ በልጅ ተለወጠ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማሙ የእህት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድ ለጋብቻ ጠየቃት። በልማዱ ቢሆን የአጎቱን ሥልጣንና የአጎቱን ሚስት አብሮ በወረሰ ነበር። ድል ወንበራ ግን የባሏን ደም ካልመለሰ እንደማታገባው ቁርጧን ነገረችው። ኑርም ቃሉን ሰጥቶ ተጋቡ። የሐረርን ጀጎል ግንብ ያሠራው ይኸው ኑር ነው። በ1551 ዓ.ም. ዓፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ዙፋኑን የወረሰው ግን በእሷ ልጅ የተለወጠው ሚናስ ሆነ።

የበቀሉን መንገድ አናመሰግንም፤ በዚያ ጦርነት ብዙ ሌሎች ሴቶች መበለት ሆነው ቀርተዋል። የምናስታውሳት፣ ዘመድ ሲጠይቃት እንደ ቅርስ ዕቃ ዝም ብላ ስላልተላለፈች ነው። እሷ በቃል ኪዳን ያስከበረችውን ፈቃድ ዛሬ ሕግ ይጠብቀዋል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ስለዚህ አንባቢያችን ነገ በሹመት ወንበር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢቀርብለት፣ የዘመድ አዝማዱን ክርክር ከማድመጡ በፊት ሴትዮዋን አስጠርቶ ይጠይቅ።