ጄምስ ፍራንክ፤ ዕውቀቱና ሕሊናው

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ አቶምና ስለ ኤሌክትሮን ልንጽፍ ስንነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈገግ ይሉብን ይሆናል። ነገር ግን የጄምስ ፍራንክን ሕይወት የተመለከተ ሁሉ ነገሩ የፊዚክስ ብቻ አለመሆኑን ይረዳልናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፍራንክ በ1882 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በ1906 በበርሊን ዶክተርነቱን ያገኘበት ጽሑፍ በጋዝ ውስጥ ስለሚጓዙ አዮኖች ነበር።

በ1914 ከጓደኛው ከጉስታቭ ሄርትዝ ጋር ስሙን ያስጠራውን ምርመራ አደረገ። አየሩ በወጣለት የመስታወት ዕቃ ውስጥ የባዜቃ ተን አኑረው ከጋለ ሽቦ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች በኤሌክትሪክ እያፋጠኑ ሰደዱባቸው። ጉልበቱ ያነሰ ኤሌክትሮን ከባዜቃው አቶም ጋር ቢጋጭም ምንም ሳይጎድልበት ነጥሮ ይመለሳል፤ 4.9 ቮልት ሲደርስ ግን ጉልበቱን ለአቶሙ ያስረክባል፤ አቶሙም የተቀበለውን በዓይን በማይታይ ብርሃን መልሶ ይሰጣል። አቶም ጉልበትን የሚቀበለው በተወሰነ ልክ ብቻ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ ኒልስ ቦር በ1913 ያቀረበውም አሳብ ማስረጃ አገኘ። ሁለቱ ሊቃውንት በመጀመሪያ 4.9 ቮልት ኤሌክትሮን ከአቶሙ የሚነቀልበት ልክ መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ስሕተታቸውን አመኑ። የ1925ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አይሁድ ከመንግሥት ሥራ እንዲወገዱ ሕግ ወጣ። ፍራንክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ዘምቶ የተሸለመ ስለ ነበረ ሕጉ አይነካውም ነበር። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ሌሎች እየተባረሩ ብቻውን ሊቀር አልወደደም፤ በአፕሪል ወር ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። ከዚያው ከጎቲንገን 42 መምህራን ተፈራርመው ሥራውን ነቀፉበት።

በኮፐንሀገን ቆይቶ በ1935 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የኖቤል ሜዳሊያውን በኮፐንሀገን በአደራ ትቶት ነበርና በ1940 የጀርመን ጦር ሲገባ ጆርጅ ደ ሄቨሺ የተባለው ሊቅ እንዳይወሰድ በአሲድ አሟሟው። ወርቁም በጠርሙስ ውስጥ ተደብቆ ጦርነቱን አሳለፈ፤ በኋላም ተመልሶ ሜዳሊያ ሆነ።

ፍራንክ በቺካጎ ለአቶም ቦምብ ከሚሠሩት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በጁን 1945 እሱ የሚመራው ኮሚቴ ቦምቡ ያለ ማስጠንቀቂያ በጃፓን ላይ እንዳይጣል፣ ይልቁንም የልዩ ልዩ አገሮች መልእክተኞች ባሉበት ሰው በሌለው ምድር እንዲታይ ለመንግሥት አመለከተ። የሰማው የለም፤ በኦገስት 6 ሂሮሺማ ነደደች።

በ1953 የጎቲንገን ከተማ የክብር ዜጋዋ አደረገችው፤ በ1964ም ሊጎበኛት ሄዶ በዚያው አረፈ።

እንግዲህ እኛም ነገ በየወንበሩ መቀመጣችን አይቀርም። ያን ጊዜ ጎረቤታችን ያለ ጥፋቱ ከወንበሩ ሲነሣ፣ ከፍራንክ ጋር እንቆም ይሆን ወይስ ከ42ቱ ጋር እንፈርም? መልሱን ከዛሬ ጀምረን ብናስብበት መልካም ነው።