ተማሪ ሆነው የተመለሱት ሰባኪ
ሐይቅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዓሣው ነው አይደል? በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሰው እዚያ የሚሄደው ለትምህርት ነበር። የሸዋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም፣ እንደ ገድላቸው፣ ዳሞትን ከሰበኩ በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር እንደገና ተማሪ ሆኑ። ዓመታት አገልግለው ወደ ትግራይ ተሻገሩ፤ ደብረ ዳሞ ላይ ከአባ ዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀበሉ።

ሲመለሱ ሐይቅን ዝም ብለው አላለፉም። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት፣ መምህሩ አስኬማውን የተቀበሉት ከዚሁ ተማሪያቸው እጅ ነው። ማን ለማን ሰጠ የሚለው ነገር ሁለቱን ገዳማት ሲያከራክር ኖሯል።

ከዚያ ሸዋ ገብተው ደብረ አስቦ ዋሻ በዓት አጸኑ። ገዳሙ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ነሐሴ 24 ለዕረፍታቸው በዓል ወደዚያ የምትጓዙ፣ የእሳቸው መንገድ በሐይቅ በኩል እንደመጣ አትርሱ።