ከገዳም የሸሸው የሻይ ሊቅ

እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የሻይ መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ወላጆቹ እነማን እንደ ነበሩ አይታወቅም። ሉ ዩ የተባለው ይህ ቻይናዊ በ733 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ሁቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር በምትገኘው በጂንግሊንግ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና ሕፃን ሳለ በውሃ ዳር ተጥሎ ዢጂ የተባለ የቡድሃ መነኩሴ አግኝቶ ወደ ገዳሙ እንደ ወሰደው ይተረካል። ስም የሚያወጣለት አባት ስላልነበረውም አድጎ በጥንቱ የዕጣ መጽሐፍ ለራሱ ስም አወጣ። የደረሰው ዕጣ ወደ የብስ ስለሚበርና ላባው ለሥርዓተ በዓል ጌጥ ስለሚሆን የዱር ዝይ የሚናገር ነበርና፣ የብስ ማለት የሆነውን ሉን የቤተ ሰብ ስም፣ ላባ ማለት የሆነውን ዩን የራሱ መጠሪያ አደረገ።

አበ ምኔቱ ዢጂ ልጁ የእርሱን ፈለግ ተከትሎ እንዲመነኩስ ይሻ ስለ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው የቡድሃን መጻሕፍት ያሳየው ጀመር። ልጁ ግን የኮንፉሺየስን ትምህርት መረጠ፤ ፀጉርን ተላጭቶ፣ ዘር ሳይተኩ መኖር የወላጅን ውለታ መዘንጋት ነው እያለም ተከራከረ። ወላጆቹን የማያውቅ ልጅ ይህን ክርክር ማንሣቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መነኩሴውም አልተረታ፣ ልጁም አልተመለሰ። ስለዚህ ዢጂ የልጁ ልብ በሥራ እንዲገራ አስቦ ግቢ እንዲጠርግ፣ መጸዳጃ ቤት እንዲያጸዳ፣ ለግድግዳ ምርጊት ጭቃ በእግሩ እንዲረግጥ፣ የጣራ ሸክላ በጀርባው እንዲሸከም አዘዘው፤ በመጨረሻም ከብት ጠባቂ አደረገው። ሉ ዩ በኋላ ስለ ራሱ በጻፈው አጭር ታሪክ የከብቶቹን ብዛት የገለጸው በሰኮናቸው ቁጥር ነው፤ ይኸውም 120 ነበር። ይህን ያላስተዋሉ አንዳንድ ጸሐፊዎች 120 ከብት ይጠብቅ እንደ ነበር ጽፈዋል፤ ለአራት ሲካፈል ግን 30 ከብት መሆኑ ነው።

ወረቀት ስላልነበረው በቀርከሃ ስንጣሪ በከብቶቹ ጀርባ ላይ ፊደል ይጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ የተማረ ሰው የጥንት ቅኔ የያዘ መጽሐፍ አገኘ፤ ፊደሎቹን ግን ስለማያውቃቸው በመስኩ መካከል እንደ ተማሪ ቤት ልጆች ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ መጽሐፉን ዘርግቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። አበ ምኔቱ ይህን በሰማ ጊዜ ከመስክ አስመልሶ በግቢው ውስጥ አረም እንዲነቅል፣ አንድ አለቃም እንዲቆጣጠረው አደረገ። ልጁ የተማራቸው ፊደሎች እየጠፉበት መሆናቸውን ባሰበ ቁጥር ሥራውን ትቶ እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል። አለቃው ይህን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ዱላው ጀርባው ላይ እስኪሰበር ድረስ መታው። ልቡ እጁ በሚሠራው ሥራ ላይ ባለመገኘቱ የተደበደበው ይህ ልጅ፣ በጎልማሳነቱ እጅና ልብ በአንድ ሥራ ላይ ስለሚገናኙበት ጥበብ መጽሐፍ ጻፈ።

ከገዳሙም ሸሽቶ ከተጓዥ የተዋንያን ጓድ ጋር ተቀላቀለ፤ መልኩ እንደማያምርና ንግግሩም እንደሚንተባተብ ራሱ የመሰከረው ወጣት ሰው በማሳቅ ይተዳደር ጀመር። ዢጂ ተከትሎት ሄዶ ከእንግዲህ የፈለገውን ትምህርት እንዲማር ቢፈቅድለትም አልተመለሰም። በ746 ዓ.ም. ተዛውሮ የመጣው የአውራጃው ገዥ ሊ ቺዉ ችሎታውን ተመልክቶ መጻሕፍት ሰጠው፤ ከዚያም በተራራ ላይ ከሚኖር አንድ መምህር ዘንድ ተማረ። በ752 ዓ.ም. ደግሞ ከማዕረጉ ዝቅ ተደርጎ ወደ ጂንግሊንግ የተላከ ጹይ ጉዎፉ የተባለ ሹም ወዳጁ ሆነና ሦስት ዓመት አብረው ከቆዩ በኋላ ነጭ አህያና ጥቁር በሬ አበረከተለት።

በ755 ዓ.ም. የጦር አለቃው አን ሉሻን በታንግ ሥርወ መንግሥት ላይ ዐመፀ። ሰሜኑ በጦርነት ሲታመስ ሉ ዩ ከስደተኞች ጋር የያንግዜን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ760 ዓ.ም. ገደማም በሁጆ አውራጃ በአንድ ወንዝ ዳር ጎጆ ቀለሰ። በዚያ አገር ጂያዎራን ከተባለ መነኩሴና ባለቅኔ ጋር የዕድሜ ልክ ወዳጅነት መሠረተ። የዚያን ጊዜ ኑሮውን ሲገልጽ፣ በአጭር ልብስና በሐረግ ጫማ ብቻውን በዱር እንደሚዞር፣ የቡድሃን መጻሕፍት በቃሉ እየደገመ፣ ዛፉን በበትር እየመታ፣ በምንጭ ውሃ እየተጫወተ ከንጋት እስከ ምሽት እንደሚቆይና ሲጨልም እያለቀሰ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ይተርካል። በልጅነቱ አልማርም ያለውን ቃል ማንም ሳያስገድደው በዱር የደገመው ሰው በዚህ ጊዜ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

በዚያ ዘመን የሻይ ልማድ ከገዳማት ወደ ከተማ በመስፋፋት ላይ ነበር። በቻይና ቻን፣ በኋላ በጃፓን ዜን የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል ከሥርዓትና ከንባብ ይልቅ ተመስጦን ያስቀድማል፤ ስሙም ተመስጦ ከሚል የሳንስክሪት ቃል የመጣ ነው። የሉ ዩ ዘመን ጸሐፊ የሆነው ፌንግ ያን እንደ መዘገበው፣ ከ713 እስከ 741 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በታይ ተራራ አካባቢ በሚገኘው የሊንግያን ገዳም የቻን ተማሪዎች እንዳይተኙና የማታ ምግብ እንዳይበሉ ሲከለከሉ ሻይ ግን ተፈቀደላቸው፤ እያንዳንዱም ሻዩን ይዞ ይዞር ስለ ነበር ልማዱ በየአገሩ ተዛመተ። ሻይ ወደ ቻን ደጅ የገባው እንግዲህ እንቅልፍ በማባረር አገልግሎቱ ነው። ጂያዎራን ሻይን መንገድ ብሎ በቅኔው እስከ መሰየም ደረሰ። ሉ ዩ ግን ሻይ ወደ መንፈሳዊ ብርሃን ያደርሳል ብሎ በመጽሐፉ አልጻፈም። የጻፈው ስለ ምድጃ፣ ስለ ከሰልና ስለ ውሃ ነው።

መጽሐፉ «ቻ ጂንግ»፣ ማለትም ድርሳነ ሻይ ይባላል። በሦስት ጥቅልል የተከፈሉ 10 ምዕራፎችና 7,000 ያህል የቻይና ፊደላት ብቻ ያሉት ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን፣ ረቂቁ በ760ዎቹ ተጀምሮ በ780 ዓ.ም. ገደማ እንደ ወጣ ይታመናል። ለዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከው ስለ ዕቃዎቹ የሚናገረው አራተኛው ምዕራፍ ነው። ምድጃው ከነሐስ ወይም ከብረት የሚቀለጥ ባለ ሦስት እግር ሲሆን የግድግዳው ውፍረት 3 ፌን ነው፤ በዚያ ዘመን አንድ ፌን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በእግሮቹ መካከል ሦስት መስኮቶች አሉት፤ በሥሩም ነፋስ የሚገባበትና አመድ የሚወርድበት ቀዳዳ አለው። በአንደኛው እግሩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ዐመፁ በተደመሰሰ ማግሥት ባለው ዓመት፣ ማለትም በ764 ዓ.ም. መሠራቱን ያሳያል፤ ከጦርነት የሸሸ ሰው የሰላምን ዓመት በምድጃ እግር ላይ ጻፈ። ማፍያው የብረት ድስት የውስጥ ቅርጹ በአፈር፣ የውጭው በአሸዋ ይወጣለታል፤ ምክንያቱም ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ለማጠብ ይቀላል፣ ውጭው ሸካራ ሆኖ ነበልባሉን ይይዛል። የውሃ ማጥለያው ክፈፍ ከጥሬ መዳብ ይሠራል፤ የነጠረ መዳብ ያሻግታል፣ ብረት ደግሞ ሽታ ይሰጣል። ይህ ማጥለያ በመሠረቱ የመነኮሳት ዕቃ ነው፤ በውሃ ውስጥ ያለ ነፍሳት ተጠጥቶ እንዳይሞት የሚጠበቅበት ነበር። ሉ ዩ ከገዳሙ ሲወጣ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር በዕቃዎቹ መካከል ተደብቆ ይታያል።

በዚያ ዘመን ሻይ ቅጠሉ በእንፋሎት በስሎ፣ ተወቅጦና ተጋግሮ እንደ ቂጣ ይደርቅና ሲፈለግ ተለብልቦ ይፈጭ ነበር። ሕዝቡ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ ጨምሮ ይቀቅለዋል፤ ሉ ዩ ይህን በቦይ ከሚደፋ እድፍ ለይቶ አላየውም። እርሱ ያስቀረው ጨው ብቻ ነው። ለማፍያ ከውሃ ሁሉ የተራራ ውሃ ይበልጣል፤ ቀጥሎ የወንዝ፣ በመጨረሻ የጉድጓድ። ከተራራውም ቢሆን በድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበው እንጂ እየተወረወረ የሚወርደው አይሆንም። ከሰል ይመረጣል፤ ሥጋ የተጠበሰበትና ቅባት የጠጣ ማገዶ ግን ሽታው ወደ ሻዩ ይገባልና አይነካም።

ቴርሞሜትር ከመሠራቱ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የውሃውን ሙቀት የሚለካው በዓይንና በጆሮ ነበር። በመጀመሪያው ፍላት እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ አረፋዎች ይታያሉ፤ ትንሽ ድምፅም ይሰማል። ይህ ድምፅ ከድስቱ ሥር ተነሥተው ገና ባልሞቀው ውሃ ውስጥ የሚከስሙት አረፋዎች የሚያሰሙት መሆኑን የዛሬ ፊዚክስ ያስረዳል። ያን ጊዜ ጨው ይገባል። በሁለተኛው ፍላት በድስቱ ዳር ዳር አረፋው እንደ ዶቃ ይደረደራል፤ አንድ ጭልፋ ውሃ ወጥቶ ይቀመጥና መካከሉ በቀርከሃ እየተማሰለ የሻዩ ዱቄት ይጨመራል። በሦስተኛው ፍላት ውሃው እንደ ማዕበል ሲነሣ፣ ተቀምጦ የቀዘቀዘው ጭልፋ ይመለስና ፍላቱን ያበርደዋል፤ አረፋውም እንደ አበባ ከላይ ይቀመጣል። ከዚህ ያለፈ ውሃ አርጅቷል፤ አይጠጣም። እንግዲህ በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ከድስቱ ያነሣ ሰው ሻዩን ያጣል። ስለ ተመስጦ አንድም ቃል ሳይናገር የቻን መነኩሴ ዕድሜውን በሙሉ የሚለማመደውን ንቃት በድስት ፊት ያስገኘበት ሥራ ይኸው ነው። 24ቱን ዕቃዎች በከተማ መኳንንት ቤት አንዱንም ማጉደል ይከለክላል፤ በዱርና በምንጭ ዳር ለሚያፈላ ግን አብዛኞቹን ይተውለታል።

ዝናው ከፍ ሲል የሁጆ ገዥ የነበረው ታላቁ የቁም ጸሐፊ ያን ዠንቺንግ በ773 ዓ.ም. ሰፊ መዝገበ ቃላት ከሚያዘጋጁት ሊቃውንት ጋር ደመረው። ከቤተ መንግሥት የተሰጠውን ሹመት ግን አልተቀበለም። ዝናው ከውርደት አላዳነውም። ፌንግ ያን እንደሚተርከው ሊ ጂቺንግ የተባለ ባለ ሥልጣን ወደ ደቡብ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ሌላ የሻይ ባለሙያ ያማረ ልብስ ለብሶ እያስረዳ አፈላለት። ቀጥሎ ሉ ዩ በገጠር ልብሱ ገብቶ ያንኑ አደረገ፤ ሹሙ በልቡ ንቆት ሲጨርስ 30 ሳንቲም እንዲሰጠው አሽከሩን አዘዘ። ሉ ዩ ከኀፍረቱ ብዛት ሻይን የሚነቅፍ ድርሰት ጻፈ ይባላል። በበኩሉ መንግሥት በ793 ዓ.ም. በሻይ ላይ ከአሥር አንድ ግብር ጣለ፤ ድሃው ገበሬ ከሉ ዩ ዝና የተረፈው ይህ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለ ዢጂ አንድ አፈ ታሪክ አለ። ልጁ ከሄደ በኋላ የሌላ ሰው ሻይ አልጥምህ ስላለው መጠጣት ተወ፤ ከ762 እስከ 779 ዓ.ም. የገዛው ንጉሠ ነገሥት ዳይዞንግም ሊፈትነው ወደ ቤተ መንግሥት ጠርቶ በባለሙያ የተፈላ ሻይ ቢያቀርብለት አንዴ ቀምሶ አስቀመጠው። በሌላ ቀን ሉ ዩ በስውር አፍልቶ ሲላክለት ግን ጽዋውን አሟጥጦ ጠጣና የልጁን እጅ አወቀ። እውነትነቱ አጠራጣሪ ነው። በታንግ ዘመን መዝገብ የሚገኘው ግን ሉ ዩ በደቡብ ሳለ የዢጂን መሞት ሰምቶ አምርሮ ማልቀሱና ወደ ጂንግሊንግ የሚወርደውን ወንዝ ውሃ ከወርቅና ከሹመት ሁሉ አብልጦ የሚናፍቅ ግጥም መጻፉ ነው።

ሉ ዩ በ804 ዓ.ም. ሞተ። ሻይ ነጋዴዎችም የእርሱን ምስል ከሸክላ ሠርተው ከምድጃቸው አጠገብ አቆሙ፤ ብዙ የሻይ ዕቃ ለገዛም ደንበኛ አንድ ምስል ይመረቅለት ነበር። ገበያ የደራለት ነጋዴ ለምስሉ ሻይ ያቀርባል፤ ገበያ የጠፋበት ደግሞ ከማንቆርቆሪያው የፈላ ውሃ በራሱ ላይ ያፈስበታል።