ጎረቤቱን ክለብ ትቶ ማንቸስተር የሄደው ልጅ

ልጁን ለኳስ የሚሰጥ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ለቤቱ የሚቀርበውን ክለብ ነው። መስፈርቱ ቅርበት ቢሆን ኖሮ ዳንካን ኤድዋርድስ የወልቭስ ልጅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደባት ደድሊ ለወልቭስ ሜዳ ጎረቤት ናት፤ ክለቡም ያኔ የዋዛ አልነበረም። ለእንግሊዝ የተማሪዎች ቡድን የተጫወተው ይህ ፈርጣማ ልጅ ግን በ1952 ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ።

ለምን ቢሉ፣ አሰልጣኙ ማት በዝቢ ታዳጊ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። ልጆቹን የሚሞርደው ደግሞ ረዳቱ ጂሚ መርፊ ነው። ዳንካን ታዲያ ኳሱ ባይሳካስ ብሎ የአናጢነት ሙያም መማር ጀምሮ ነበር (ወላጆች ይህቺን ልብ በሉ!)።

በ1953 ገና በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የኤፍኤ ወጣቶች ዋንጫ ፍጻሜ ዩናይትድን ከማን ጋር አገናኘ? ከወልቭስ! የዳንካን ቡድን በድምር ውጤት 9ለ3 ረመረማቸው።

የሚገርመው ሌላ ነው። በሚያዝያ 1955 ስኮትላንድን 7ለ2 ባሸነፈው የእንግሊዝ ዋና ቡድን ውስጥ በ18 ዓመቱ ከተጫወተ በኋላ እንኳ በዝቢ ወደ እኩዮቹ መልሶ የወጣቶቹን ዋንጫ ፍጻሜ አጫወተው። ዛሬ የትኛው ኮከብ እሺ ይላል?

ሁለት የሊግ ዋንጫ አነሳ፣ ለእንግሊዝ 18 ጊዜ ተጫወተ። የካቲት 6 ቀን 1958 ሙኒክ ላይ የዩናይትድ አውሮፕላን ተከሰከሰ። ዳንካን 15 ቀን ሆስፒታል ታግሎ በ21 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው እዚያው ደድሊ ነው።