ለአፍሪካ እግር ኳስ እኩልነት የታገሉት ይድነቃቸው ተሰማ

ለአፍሪካ እግር ኳስ መሠረት ከጣሉት ኢትዮጵያውያን መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በተጫዋችነት ጀምረው በአሰልጣኝነት፣ በኋላም በአህጉራዊ መሪነት ባገለገሉባቸው ዓመታት ከመርሃቸው ፈቀቅ ያላሉ ሰው ነበሩ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ባለቅኔና ድምፃዊ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በወጣትነታቸው በ1928 ዓ.ም የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተቀላቅለው ለረጅም ዓመታት በአጥቂነት የተጫወቱ ሲሆን፣ ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም በካርቱም በተካሄደው ጉባኤ ኢትዮጵያን በመወከል ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ልዑካን ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መሠረቱ። ይሁንና ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ ያቀፈ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጪ ተደረገች። በአራት አገሮች ለተቋቋመ ድርጅት ገና ከጅምሩ አንዱን መሥራች ማጣት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ውድድሩም በሦስት ቡድኖች ብቻ ተከናወነ።

አቶ ይድነቃቸው በአሰልጣኝነት ዘመናቸው ያስመዘገቡት ትልቁ ውጤት አዲስ አበባ ባስተናገደችው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው ድል ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፈ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ከወሰደችው ግብፅ ጋር ተገናኘ። ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነስቶ አቻ በመሆን መደበኛውን ሰዓት 2 ለ 2 ከጨረሰ በኋላ፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ዋንጫ እስከ ዛሬ የአገሪቱ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) እ.ኤ.አ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ በመንፈጉ፣ አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር በመሆን ተቃውሞውን በግንባር ቀደምትነት መሩ። የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ውሳኔው ተጫዋቾችን ወደ ዓለም ዋንጫ የመሄድ ዕድል ያሳጣ፣ አገሮቹንም ለገንዘብ ቅጣት የዳረገ ነበር። ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ባስተናገደችው ውድድር አፍሪካ የመጀመሪያዋን ቀጥተኛ ቦታ አግኝታ በሞሮኮ ተወከለች።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ ለ15 ዓመታት መርተዋል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። የአፓርታይድ ሥርዓት ከዓለም ስፖርት እንዲገለል ያለማቋረጥ የታገሉ ሲሆን፣ ፊፋም በ1968 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰርዟል። የአህጉሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ የአፍሪካን ውድድሮች እንዳያዳክም ያሳስባቸው የነበረ መሆኑም ይታወቃል።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ አፓርታይድ ገና አልወደቀም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወደ ካፍና ወደ ፊፋ የተመለሰችው እ.ኤ.አ በ1992 ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን አሸነፈች። ዋንጫውን ያነሳው ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድነት ያሰለፈ፣ ከ39 ዓመታት በፊት በካርቱም ተጠይቆ የተከለከለው ዓይነት ቡድን ነበር።