ኦነሲሞስ ነሲብ፤ ከባርያ ንግድ እስከ ማተሚያ ቤት

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ፥ በኬንያ ወገን ባለችው ሞያሌ፥ ኦዳ በተባለው ስፍራ ሹሙም ነጋዴውም ጉዳዩን ከሚፈጽምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ኦሮምኛ ነው። ይህ ቋንቋ በእርሳስ ፊደል ተለቅሞ ታላቅ መጽሐፍ የሆነበት ታሪክ ግን የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ርቆ፥ በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ነው። የዚህ ሥራ ባለቤት ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦነሲሞስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. ገደማ (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን፥ ትርጓሜው ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1869 ዓ.ም. ባርያ ፈንጋዮች ከእናታቸው እቅፍ ነጥቀው ወሰዷቸው፤ ከእጅ ወደ እጅም እየተሸጡ እስከ ምጽዋ ደረሱ። በዚያ ቨርነር ሙንትዚንገር የተባለው ስዊሳዊ በ1870 ዓ.ም. ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጣቸው። በ1872 ዓ.ም. ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የተነሣው የባርያው የኦነሲሞስ ስም ነበረ።

ከዚያም ወደ ስዊድን ተልከው ለ5 ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ተመለሱ። አሳባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ገብቶ ማስተማር ነበረ። በመጀመሪያው ጊዜ በሱዳን በኩል ሲሄዱ መንገዱና በሽታው መለሳቸው፤ በሁለተኛውም እንጦጦ ከደረሱ በኋላ ወደፊት እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውም። እርሳቸው ሊገቡበት ባልቻሉት አገር መጽሐፍ ሊገባ ይችል እንደ ሆነ በማሰብ፥ በእምኩሉ ተቀምጠው የትርጉሙን ሥራ በብርቱ ያዙ።

ነገር ግን ከአገራቸው የወጡት ልጅ ሳሉ ስለ ነበረ፥ ብዙ የቋንቋው ቃል አልነበራቸውም። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ በባሕር ላይ ያስጣላት ወጣት ነበረች። የቃላት መዝገብ አዘጋጀች፤ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፥ እንቆቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖች 500 ያህል ከቃሏ ጻፈች። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም.፥ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍም በ1894 ዓ.ም. በእምኩሉ ታተሙ። የአስቴር ድርሻ ግን ለብዙ ዘመን እንደሚገባው ሳይነገር ቆይቷል።

የሥራው ክብደት በትርጉም ብቻ አላበቃም። ለላቲን ጽሕፈት ጥቂት ደርዘን የእርሳስ ፊደል ሲበቃ፥ የግዕዝ ፊደል 26ቱ ቤቶች በ7 ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዙና ነቁጡ ሲጨመሩ ከ200 ይበልጣሉ። ለቃሚው እያንዳንዱን ከሳጥኑ አንሥቶ፥ በመስመር አሰልፎ፥ ገጹ ከታተመ በኋላ መልሶ በየቦታው ማኖር አለበት። ከዚህም በላይ ፊደሉ በግዕዝ ያልነበሩትን የኦሮምኛ ድምፆች መሸከም ነበረበት። የመጥበቅና የመላላት ልዩነትም በግዕዝ ጽሕፈት ልማድ የማይታይ ስለ ሆነ፥ አንድ አጻጻፍ ለሁለት ትርጉም ሊዳርግ ይችላል። ቋንቋውን የማያውቅ ለቃሚ በዓይኑ ብቻ ስለሚሠራ፥ ስሕተቱን የሚያርም ዐዋቂ በአጠገቡ መኖር ግዴታ ነበረ። ስለዚህ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ዓ.ም. በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ሲታተም፥ ኦነሲሞስ ራሳቸው ወደዚያ ተሻግረው ሥራውን ተቈጣጠሩ።

በ1904 ዓ.ም. ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ካህናት ከሰሷቸው፤ እንዳይሰብኩም ተከለከሉ። በ1916 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ፈቃድ አግኝተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ ሰኔ 21 ቀን 1931 ዓ.ም. ድረስ ሠሩ።

ዛሬ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ቢሆንም፥ የኦነሲሞስ መጽሐፍ ክብሩ አልተቀነሰም። ሕይወታቸው በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ የእጃቸው ሥራ የሆነው የኅትመት ጥበብ ግን ገና ጸሓፊ የሚጠብቅ መስክ ነው። የእርሳሱ ፊደል እንዴት እንደ ተቀረጸ፥ ወረቀቱና ቀለሙ ከየት እንደ መጣ፥ በእርማት ላይ ምን እንደ ተለወጠ የሚመረምሩ ሊቃውንትና የሳይንስ ጸሓፊዎች ቢነሡ፥ ለአስተዳዳሪው የደንብና የደረሰኝ፥ ለነጋዴውም የመዝገብና የውል መሠረት የሆነውን ይህን ጥበብ ያስታውቃሉ። በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ለወገኑ መጽሐፍ አትሞ ከተመለሰ፥ ያን መጽሐፍ ገልጦ መመርመር ለተማረ ሰው የሚከብድ ዕዳ አይደለም።