ፀሐይን ወደ መኖና ወደ ምግብ ያስገቡት የገበሬ ልጅ

በአሜሪካ የምትገኘው የዊስኮንሲን ግዛት በወተት ሀብቷ የታወቀች ናት። ክረምቷ ግን ረጅምና በረዷማ ነው። ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ትውላለች፤ ከብቶችም ለወራት በበረት ተዘግተው ይቀለባሉ። ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ባሉ ቀዝቃዛ አካባቢዎች የብዙ ሕፃናት አጥንት ይለሰልስ፣ እግራቸውም ይጣመም ነበር። ሪኬትስ የሚባለውን ይህን በሽታ በዕለት ምግብ ለመከላከል መንገድ ከከፈቱት ተመራማሪዎች አንዱ ፕሮፌሰር ሃሪ ስቴንቦክ ናቸው።

ስቴንቦክ እ.ኤ.አ. በ1886 በዚችው ግዛት ተወልደው በእርሻ ሥራ መካከል አደጉ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ግብርናን ተምረው እዚያው የባዮኬሚስትሪ መምህርና ተመራማሪ ሆኑ።

አንዱን ፍንጭ ያገኙት ከፍየል ነው። ከባልደረባቸው ከኤድዊን ሃርት ጋር የሚታለቡ ፍየሎችን ሲከታተሉ፣ በቤት ተዘግተው የሚቀለቡት ከአጥንታቸው ብዙ ካልሲየም በወተት በኩል ሲያጡ፣ ደጅ የሚውሉት ግን እንደዚያ እንዳልተጎዱ አስተዋሉ። ልዩነቱ ያለው በፀሐይ ብርሃን ላይ ነበር። አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ያዘጋጃል፤ ቫይታሚኑም ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በሰሜኑ ክረምት ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ስለምታበራ ይህ ጨረር በበቂ መጠን መሬት አይደርስም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ስቴንቦክ ይህንኑ ጨረር በሚሰጥ መብራት በአይጦች ላይ ሙከራ አካሄዱ። ቀጥሎም መብራቱን ከአይጦቹ ወደ መኖው አዞሩት። ጨረሩ ያረፈበትን መኖ የበሉት አይጦች ከሪኬትስ ተጠበቁ። ውጤቱ በ1924 ይፋ ሆነ፤ በዚያው ጊዜ በኒውዮርክ ሐኪሙ አልፍሬድ ሄስም ተመሳሳይ ግኝት ላይ ደርሰው ነበር። የስቴንቦክ ቡድን በፀሐይ የደረቀ ድርቆሽ ሪኬትስን የመከላከል ኃይል እንዳለውም አሳይቷል።

ስቴንቦክ ከኪሳቸው 300 ዶላር አውጥተው የፈጠራ መብት ጠየቁ። ኩዌከር ኦትስ የተባለው የአጃ ምግብ ኩባንያ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ቢያቀርብላቸውም መብቱን ለብቻው አልሸጡለትም። ይልቁንም በ1925 የዩኒቨርሲቲው ምሩቃን ላቋቋሙት የምርምር ፋውንዴሽን አስረከቡት። ኩባንያዎች ለፈቃድ የሚከፍሉት ገንዘብ በአብዛኛው ለምርምር ዋለ። በቫይታሚን ዲ የበለጸጉ ወተትና የእህል ምግቦች ሲስፋፉ ሪኬትስ በአሜሪካ እየቀነሰ ሄደ።

ታሪኩ ግን ጥያቄም አለበት። ፋውንዴሽኑ የወተት ገበሬውን የቅቤ ገበያ ለመጠበቅ ሲል ለማርጋሪን አምራቾች ፈቃድ ከለከለ። ማርጋሪን ደግሞ ቅቤ መግዛት የማይችለው ድሃ ምግብ ነበር፤ ልጆቹም ቫይታሚኑን በእጅጉ የሚሹ ነበሩ። በ1940ዎቹ መብቱን ውድቅ ያደረገው ፍርድ ቤት ይህንንም ነቅፏል። ስቴንቦክ በ1967 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይለያት አገር ብትሆንም ጥቅሙ የሚገኘው ለሚወጣበት ብቻ ነው። ተሸፋፍኖ ቤት የሚውል ሕፃን፣ ከጨለማ በረት የማይወጣ ጥጃ ቫይታሚኑ ሊያጥራቸው ይችላል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ብርሃን ሙቀት እንጂ ይህን ጨረር አያመጣም። ስለዚህ ሕፃኑን ጠዋት ደጅ አውጥቶ ማሞቅ፣ ጥጃውንም በየቀኑ ከበረት ማውጣት ያስፈልጋል። ከዝናብ በኋላ የሚታጨደውን ሣር በፀሐይ አድርቆ መከመርም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።